ሜዳውን የተጠራጠሩት ሰው

ጋሽ ይልማ አረፉ ሲሉኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን አለ?» የሚል ነው። ነፍስ ይማር አላልኩም፤ መቼ ብዬም አልጠየቅኩም። የደወሉልኝ የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር አቶ ደምሰው ነበሩ። የጋሽ ይልማ ልጅ ሶስና እንደነገረቻቸው፣ ደግሞም ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ጠየቁኝ። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ እንዲህ ነኝ። የምኖረው ከስቶክሆልም ሰፈሮች በአንዱ፣ ሁስቢ፣ የምሠራው አጠገቡ ኪስታ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ሌሎች የሠሩትን የስልክ ፕሮግራም እየከፈትኩ የት ላይ እንደሚበላሽ መፈለግ። ቀኑን ሙሉ ስጠራጠር ውዬ ቤቴ ስደርስ ጠባዩን ከኮቴ ጋር በር ላይ ሰቅዬው አልገባም።

ጋሽ ይልማን ያወቅሁበት ዘመንም ራሱ የጥርጣሬ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ አዲስ ሐበሻ ብቅ ሲል፣ ስሙ ከመጠየቁ በፊት «የማን ሰው ነው?» ይባል ነበር። ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው፤ ብዙ የሚያወራ ደግሞ ወሬ አውጣጪ ነው። ጋሽ ይልማ ሁለቱንም ነበሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ ይቆዩና ድንገት ስለ ግብፅ ማውራት ይጀምራሉ።

ግብፅን የሚያውቁት በሥራ ነው። ወጣት ሆነው ለትምህርት ስዊድን መጥተው የአፈር መሐንዲስ ሆኑ፤ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት መሬቱ ይሸከመው እንደሆነ መርምሮ መናገር ማለት ነው። አንድ ድርጅት ካይሮ ልኳቸው ብዙ ዓመት እዚያ ሠርተዋል። እኔ ሳውቃቸው ባለቤታቸው ሞተው፣ ልጃቸው የራሷን ቤት ይዛ፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ከእኔ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አረብኛ ይናገራሉ። ከካይሮ ደብዳቤ ይመጣላቸዋል። ሳሎናቸው ውስጥ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ጎን የአባይ ሸለቆ ካርታ ተሰቅሏል፤ ያውም የታችኛው፣ የግብፅ በኩል ያለው። አንድ ኢትዮጵያዊ የዚያን ካርታ ቤቱ ሰቅሎ ምን ያደርግለታል? በማኅበራችን ውስጥ ይህን ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ጠይቄያለሁ፤ በሆዴ።

ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ጆሯቸው ትልልቅ፣ ግራጫ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የገቡበትን ቤት ወለል፣ ከመቀመጣቸው በፊት፣ በተረከዛቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ቤቴ መጀመሪያ የመጡ ቀን ይህን ሲያደርጉ አይቼ ምን እየፈለጉ ነው ብዬ ሌሊቱን አሰብኩበት። ምንም አልፈለጉም። እንዲሁ ነበር ሰላም የሚሉት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁስቢ ውስጥ በተከራየናት ክፍል ልጆቻችንን ያስተምሩ ነበር። አማርኛ እንዲያስተምሩ ነው የለመናቸው፤ እሳቸው ግን በአማርኛ ግብፅን አስተማሯቸው። ፈርዖኖቹ ፒራሚድ የሚሠሩበትን ቦታ እንዴት እንደመረጡ ይጠይቃሉ። ልጆቹ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፤ አንዷ ቆንጆ ቦታ ስለሆነ ነው ትላለች፣ ሌላው ኮከብ አይተው ነው ይላል። ሁሉንም ይሰሙና ማስረዳት ይጀምራሉ። የሞተ ንጉሥ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከወንዙ ምዕራብ፤ ይሄ የካህናቱ ምርጫ ነው። ግን ምዕራቡ ዳርቻ ረጅም ነው፣ ከዚያ ሁሉ የቱ ጋ? እዚህ ላይ መሐንዲሱ ይገባል። ወንዙ ሲሞላ ከሩቅ የሚመጣውን ድንጋይ የጫነው ጀልባ እስከ ግርጌው እንዲደርስ ቅርብ መሆን አለበት፤ ጎርፉ እንዳይነካው ደግሞ ከፍታ መሆን አለበት። አብዛኛው ድንጋይ እዚያው አጠገብ ተፈልፍሎ የሚወጣ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥሩ ደህና ዓለት መሆን አለበት። ጥቁሩ ለም አፈር ያበላል እንጂ አይሸከምም ይሉ ነበር፤ ለገበሬ ተትቶ የሐውልቱ ነገር ወደ ደረቁ ዳርቻ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከዚያ ገመድ ያወጡና አንዱን ልጅ ንጉሥ አድርገው፣ መሠረት ሲጣል ንጉሡ ራሱ ገመድ እንዴት እንደሚወጥር ያሳያሉ። ልጆቹ ገመዱን ሲጓተቱ ክፍሏ ትታመስ ነበር።

አንድ ቅዳሜ «ካህኑ ወደየት እንደሚዞር ይነግርሃል፤ የት እንደሚቆም የሚነግርህ ግን ዓለቱ ነው» ሲሉ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ አንድ አባት በር ላይ ሰሙ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር፤ ኢንጂነሩ ዓለት ከካህን ይበልጣል ብለዋል ተባለ። በሳምንቱ ደግሞ ፈርዖንን ያመልካሉ ሆነ። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ስቀው ዝም አሉ፤ ዝም ማለታቸውም ተጨማሪ ማስረጃ ተደርጎ ተያዘ።

እንግዲህ የመሬቱ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። በዚያን ጊዜ የምናስቀድሰው ከስዊድኖች በተከራየነው አዳራሽ ነበር። ከእኛ በኋላ ሌላ ማኅበር ስለሚገባበት ካህኑ ስብከታቸውን ሳይጨርሱ አንዳንዶቻችን ወንበር ማጣጠፍ እንጀምራለን። መጋረጃው ይጠቀለላል፣ ከበሮው በሻንጣ ይገባል፣ የሚቀጥሉት ሰዎች በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። እናቶች የራሳችንን ሳናይ ልንሞት ነው እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔም ልጄ ክርስትና የተነሳ ቀን፣ ቶሎ ውጡ ተብለን፣ ሕፃኑን በቅጡ ሳናለብስ በረዶ ላይ የቆምኩትን አልረሳውም። ቤተ ክርስቲያን ፈልጌ ነበር፤ ከልቤ።

ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ደምሰው ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ፣ ጋሽ ይልማ በሙያቸው አማካሪ። ብዙም ሳይቆይ አቶ ደምሰው መሬት አገኘሁ አሉ። ከከተማው በስተደቡብ፣ ከሃሉንዳ በአውቶቡስ አለፍ ብሎ ያለ ሜዳ ነው፤ ለጥ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ጠጠር የሌለበት። ኮሙኑ፣ ማለትም የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት፣ ለረጅም ዘመን ሊያከራየን ፈቃደኛ ነው። ሄደን አየነው። አንዷ እናት ጫማቸውን አውልቀው ሣሩን ረገጡት። ሁላችንም ሜዳውን ስናይ ጋሽ ይልማ የሚያዩት ግን ዙሪያውን ነበር። ቀይ ቀለም የተቀቡት አሮጌዎቹ የገበሬ ቤቶች ሁሉ ዳር ዳሩን፣ ድንጋያማው ጉብታ ላይ ተለጥፈዋል። መሐሉ ላይ አንድም ቤት የለም።

«እነዚህ ሰዎች ድንጋይ ላይ ከሚንጠለጠሉ ይሄን የመሰለ ሜዳ እያለ ለምን እዚህ አልሠሩም?» አሉ።

አቶ ደምሰው እግዚአብሔር ለእኛ አቆይቶት ነው ብለው ወደ ሰማይ ጠቆሙ። ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሽ ይልማ አልሳቁም። ካቆየልንማ ደግ ነው፣ ግን መሬቱን እንጠይቀው አሉ። መሬቱን እንጠይቀው የዘወትር ቃላቸው ነበረች። ስዊድኖቹ ሌራ የሚሉት ለስላሳ ሸክላ አፈር ከሥር ሊኖር እንደሚችል፣ ሁስቢ ውስጥ እንኳ ቤቱ ድንጋይ ላይ፣ ኳስ ሜዳው ሌራ ላይ እንደሆነ ሊያስረዱን ሞከሩ። የሰማቸው የለም። ከሜዳው ስንመለስ አቶ ደምሰው አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና ቤተ ክርስቲያን ብንሠራ የሚከፋው ማን እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቁኝ። መልሱንም ራሳቸው በዓይናቸው አሳዩኝ፤ ጋሽ ይልማ ፊት ወንበር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀምጠዋል። «ጎረቤታቸው ነህ፣ ዓይንህን ጣልባቸው» አሉኝ። ይሄ ለእኔ አዲስ ሥራ አይደለም፤ ዱሮም ዓይኔን ጥዬባቸው ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጧት ጋሽ ይልማ ረጅም የሸራ ቦርሳ ተሸክመው ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ባቡሩ ሲወርዱ በመስኮቴ አየሁ። የልጆቹን ትምህርት ሰርዘው ነበር። ተከተልኳቸው። በሰማያዊው መስመር መሐል ከተማ፣ ከዚያ በቀዩ ሃሉንዳ። አውቶቡሱን አብሬያቸው ብሳፈር ስለሚያዩኝ የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። ስደርስ ሜዳው ዳር ካለው ፌርማታ መጠለያ ውስጥ ተቀምጬ የነፃ ጋዜጣ ፊቴ ላይ ዘረጋሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ፊልም ላይ ያየሁት እንጂ ሠርቼው አላውቅም።

ብቻቸውን አልነበሩም። አንድ ጠይም፣ ሸበቶ ሰውዬ አሮጌ መኪና አቁሞ ይጠብቃቸው ነበር። ተቃቅፈው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ነፋሱ ድምፃቸውን ሲያመጣልኝ አረብኛ ነው። ግብፃዊ ነው፣ ያዝኳቸው አልኩ።

ከቦርሳው የብረት ዘንጎች አወጡ፤ እያንዳንዱ አንድ ሜትር የሚሆን፣ ጫፍ ለጫፍ በብሎን የሚቀጣጠል። ጋሽ ይልማ የመጀመሪያውን ሜዳው መሐል ተከሉና በሁለት እጃቸው ተጫኑት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ናቸው፤ መዶሻ አልያዙም። ዘንጉ ገባ። ሁለተኛውን ቀጠሉ፤ ገባ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ ቢላ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ። አምስተኛው ላይ ቆሙ፤ መሬቱ አስቁሟቸው ሳይሆን ዘንጉ ስላለቀ ነው። ግብፃዊው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ይልማ ቀና ብለው ወደ ፌርማታው አዩና ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ። ለእኔ ይሁን፣ ላባቸውን ሊጠርጉ ይሁን፣ በዚያን ጊዜ አላወቅሁም። ጋዜጣውን ከፍ አደረግሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሜዳው ድረስ እንደተከተልኳቸው ማታውኑ ለአቶ ደምሰው ነግሬያቸው ወሬው ስለተሰማ ምእመኑም ቆሞ ነበር። ጋሽ ይልማ ሜዳው እንደማይሆን፣ መርምረው እንዳረጋገጡ ተናገሩ። አቶ ደምሰው ማን ሲመረምሩ አይቷል ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ተነሣሁ። ከአንድ ግብፃዊ ጋር ሜዳችን ላይ ቆመው በአረብኛ ሲነጋገሩ አየኋቸው አልኩ። አዳራሹ ተንጫጫ። የቤተ ክርስቲያናችንን መሬት ለግብፅ ሰው አሳዩ፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረ? እናቶች አማተቡ። ጋሽ ይልማ ጩኸቱ ጋብ እስኪል ጠበቁና እኔን ብቻ ጠየቁኝ።

«ሌላስ ምን አየህ፣ ብርሃኑ?»

ሁሉም ያየኛል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

«ሌላ ምንም አላየሁም» አልኩ።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነው ብል ቀላል ነበር። እውነቱ ግን ሜዳውን ወድጄው ነበር፤ ዘንጉን ካመንኩ ሜዳው ሊቀርብኝ ነው። ደግሞም እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አፌን አይተው አያውቁም፤ ያን ቀን አዩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ጋሽ ይልማን ከኮሚቴው አስወጧቸው። የቅዳሜው ትምህርትም ልጅ የሚልክ ጠፍቶ ተዘጋ። ኮሚቴው ማመልከቻውን ቀጠለ፤ ኮሙኑ ግን የሕንፃ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት መሬቱ ይመርመር አለ። አንድ ኩባንያ መጥቶ ቆፈረ። ዓለቱ የሚገኘው እጅግ ጥልቅ ላይ ነው፣ በላዩ ያለው ሁሉ ለስላሳ ሸክላ ነው፣ የምናስበው ሕንፃ በብዙ ምሰሶ ካልተደገፈ አይቆምም፤ ያም ከአቅማችን በላይ ነበር። ሜዳው ቀረ።

አሁን ሰው የዚያን ሽማግሌ በር ያንኳኳል ብዬ ነበር። ተገላቢጦሽ ሆነ። ኢንጂነሩ የድሮ የሥራ ጓደኞቻቸውን ይዘው ያስጻፉት ወረቀት ነው ተባለ። ለግብፃዊው ያሳዩት ለዚህ ኖሯል ተባለ። እውነት በተናገሩ ቁጥር ስማቸው ይበልጥ ጠፋ። ቅዳሴ ሲመጡ ከኋላ መቆም ጀመሩ፤ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ሲጠፋ መምጣቱንም ተዉት። ሰባ ዓመት ሙሉ ያልዋሹ ሰው ቤተ ክርስቲያን ያስቀሩ ተብለው ቀሩ። ዘንጉ ሪፖርቱ ከመጻፉ ከብዙ ወራት በፊት በእጃቸው ሲሰምጥ ያየ አንድ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ኪስታ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ሌሎች የሠሩትን ስህተት ይፈልጋል።

የሚገርመው ደግሞ እኔን አልተውኝም። በወር አንድ ቀን ይደውሉና ምሳ በልተህ እንደሆነ ይላሉ። ኪስታ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ካሉት ምግብ ቤቶች ባንዱ እንገናኛለን። አንድም ቀን ያን ስብሰባ አላነሡም። የሚያወሩት ግብፅን ነው። እኔ ግን መጠርጠሬን አልተውኩም፤ ከእኔ ምን ፈልገው ነው? ይቅር ብለውኝ ነው? ሊያስለፈልፉኝ ነው? ከሄዱ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ እንደ ፕሮግራም መስመር በመስመር እየፈታሁ ወጥመዱን እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ስለ አንድ ንጉሥ ነገሩኝ። ፒራሚዱን የጀመረው ሥሩ ጠጠርና ሸክላ የሆነ ቦታ ላይ ነው። ሥራው እኩሌታ ሲደርስ ግርጌው ይሰምጥ፣ ውስጡ ያሉት ክፍሎች ይሰነጠቁ ጀመር። በግንድ ደገፉት። ክብደቱ እንዲቀንስ ከመሐሉ ወደ ላይ ያለውን አጋድመው ሠሩት፤ ዛሬም ጎኑ ጎብጦ ይታያል። ንጉሡም ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና አሠራ።

«አስበው እስቲ» አሉኝ፤ «አንድ ሰው ንጉሡ ፊት ቆሞ መሬቱ አይሸከምም ብሏል። የንጉሡን ስም ዓለም ያውቀዋል። የዚያን ሰው ስም የሚያውቅ የለም።»

ከዚያ ሹካቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። አውቀው ነው፣ እየሠሩብኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሰዓቴን አየሁና ስብሰባ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ስብሰባ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ወርም ደወሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም እስከታመሙ ድረስ ደወሉ። ስልኩ ሲቆም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ ብያለሁ።

ቀብራቸው ላይ ብዙ ሰው መጣ። ሐበሻ በሕይወት ሳለህ ፊት ቢነሳህም ለቀብርህ አይቀርም። ከመቃብር መልስ ያው የኪራዩ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ንፍሮ ዞረ። አቶ ደምሰው ተነሥተው ተናገሩ፤ ትምህርታቸውን፣ ሥራቸውን አነሡ። በመጨረሻ ሰው ከስህተት ንጹሕ እንደማይሆን፣ የመሬቱን ነገር ዛሬ ሁላችንም ከልብ ይቅር ልንላቸው እንደሚገባ ተናገሩ። ሰዉ በጉርምርምታ ይቅር አለ። ሶስና ፊት ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

እኔ ይቅር የሚለውን መስማት አልቻልኩም። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም።

«ያን ቀን ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ዘንጉ በእጃቸው አምስት ሜትር ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ግብፃዊው ምንም አላደረገም። መሬቱ እንደማይሆን ከማንም በፊት አውቄ ነበር፤ ይቅርታ የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ።»

የሚጮህብኝ ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር። አቶ ደምሰው አዩኝና ለምን ዛሬ እንደተናገርኩ፣ ማን ተናገር እንዳለኝ ጠየቁኝ። ከኋላ አንዱ ለአጠገቡ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ፤ እሱም ከእነሱ ጋር ነበር እንዴ ይላል። አልፈረድኩበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምለው ያንኑ ነው።

ስወጣ ሶስና ኮት መስቀያው ጋ ደረሰችብኝ። አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን አፏን ስለሚይዛት ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው የምታወራኝ። አባቷ አንድ ያየ ሰው አለ እንዳሏት፣ ማን እንደሆነ ብትለምናቸው ብትለምናቸው ስሙን እንዳልነገሯት አጫወተችኝ። ከነገርኩሽ ትጠይዋለሽ፣ እሱ ራሱ ይናገር ይሏት ነበር። በየወሩ ከዚያ ሰው ጋር ምሳ ሊበሉ ኪስታ እንደሚሄዱ ግን ታውቃለች፤ ሲመለሱ እየደወለች ነገረህ ወይ ትላቸው ነበር።

ምን ይመልሱልሽ ነበር አልኳት።

ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችኝ። ይቺን በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ፤ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንዳታበላሸው እየተጠነቀቀች።

«‹ገና ነው› ይለኛል» አለች። «ሆስፒታልም ጠየቅሁት። ‹ገና ነው› አለኝ።»